አርባ አንዱ ችግኞቼ ስላልተነቀሉበት ምክንያት

ለተከበሩ የፈቃድ፣ የምዝገባና የክትትል ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት፤ ካሉ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓይንዎን ብርሃን አጥብቄ እመኝልዎታለሁ። ዓይንዎን ለይቼ ያነሳሁት፣ ባለፉት አምስት ወራት ከላክሁልዎት ስድስት ደብዳቤዎች አንዱንም እንዳላዩት ጸሐፊዎ በትህትና ስለነገረችኝ፣ ሕመም ቢገጥምዎት ነው ብዬ ተጨንቄ ነው። እነዚያ ስድስቱ በፖስታ የታሸጉ ነበሩ፤ ፖስታ መክፈት ከሥራ ድርሻዎ ውጭ ሊሆን እንደሚችል ዘግይቶ ስለገባኝ፣ ይህ ሰባተኛው ተከፍቶ እንዲደርስዎት በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ። መንገደኛው ሁሉ ያነበዋል፤ እርስዎም ከመንገደኛው ጋር ተጋፍተው ቢያነቡት ደስታዬ ወሰን የለውም።

ራሴን ላስተዋውቅ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ባለው አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ምድር ወለሉ ላይ ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ ይዤ የሰው ልጅ የምጠብቅ ሴት ነኝ። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። እናቶች ማለዳ ወደ ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ያስረክቡኛል፣ ሲመለሱ እመልስላቸዋለሁ፤ በመሀሉ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ ፖፖ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ተነካክሰው ሲጣሉ እዳኛለሁ። ዛሬ በእጄ ያሉት አርባ አንድ ናቸው፤ ሁለት ሞግዚቶችም ያግዙኛል። የሠፈሩ ሰው ቤቱን ነርሰሪ ይለዋል፣ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳም እንደዚያው ይላል፣ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚሁ ሰሌዳ ነው።

ነርሰሪ የእንግሊዝኛ ቃል መሆኑን ለእርስዎ ላስታውስ ብል ድፍረት ይሆንብኛል። ይሁን እንጂ የደረሰብኝን ለመረዳት ስል መዝገበ ቃላት ገዝቼ ብመለከት፣ ይህ አንድ ስም ሦስት ቤት እንዳለው አገኘሁ። አንደኛው ሕፃናት የሚውሉበት ነው። ሁለተኛው ችግኝ የሚፈላበት ነው። ሦስተኛው በሐኪም ቤት ውስጥ ገና የተወለዱ ጨቅላዎች የሚተኙበት ክፍል ነው። የቋንቋው ባለቤቶች በዚህ ተቸግረው እንደሆነ አልሰማሁም፤ ልጅ ሲያዩ ልጅ፣ ችግኝ ሲያዩ ችግኝ መሆኑን በዓይናቸው ለይተው ይተላለፋሉ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን በዓይን የመለየትን ያህል ኋላ ቀር አሠራር የተወ በመሆኑ፣ ከሦስቱ ትርጉሞች ሁለቱን በተራ በተራ ሞክሮብኛል፤ የቀረው የእኔው የራሴ ብቻ ነው። ቅሬታዬን በቁጥር ማስቀመጤ እርስዎ ቁጥር ይወዳሉ ሲባል ሰምቼ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ነርሷ። የዛሬ ሦስት ዓመት ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ብልህ ሰው፣ ነርሰሪ ማለት የነርስ ቤት መሆን አለበት ብሎ በራሱ ጊዜ ስለተመራመረ፣ ቋሚ ነርስ ካልቀጠርኩ ፈቃዴ እንደማይታደስ በጽሑፍ አሳወቀኝ። ጡረታ የወጣች ነርስ ጎረቤቴ ውለታ ውላልኝ ዓመቱን ሙሉ በየጠዋቱ እየመጣች ጥግ ላይ ተቀመጠች። የታመመ ስላልነበረ ሹራብ ስትሠራ ከረመች። ልጆቹ በሙሉ በዚያ ዓመት የሱፍ ኮፍያ ያገኙት በእርስዎ አርቆ አሳቢነት ነውና እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮምፒዩተሩ። ጽሕፈት ቤትዎ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር መሸጋገሩን ስሰማ እንደ ማንኛውም ዜጋ ኮርቼ ነበር። ፈቃዴን ላድስ መስኮት አራት ስቀርብ፣ ያቺ ጥፍሯን አሳምራ የያዘች ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ ነርሰሪ የሚል አንድ መስመር ብቻ አግኝታ ተጫነችው፤ ከሥሩም በአማርኛ የችግኝ ጣቢያ የሚል ብቅ አለ። የለም የኔ ልጅ፣ እኔ የማሳድገው ሰው ነው አልኳት። እሷም፣ «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተሙ ነው» አለችኝ። እንግሊዝኛው ይቅርብኝና በአማርኛ መዋዕለ ሕፃናት ብለሽ ጻፊልኝ ብዬ ለመንኳት፤ ደግ ናት፣ ጻፈችልኝ። ሲስተምዎ ግን አማርኛን የሚቀበለው መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነውና መዋዕለ ሕፃናቱን ነርሰሪ አደረገው፣ ነርሰሪውን ደግሞ መልሶ የችግኝ ጣቢያ አደረገው። ሦስት ጊዜ ሞከርን፣ ሦስቱንም ጊዜ ልጆቼ ከአንዱ በር ሰው ሆነው ገብተው በሌላው በር ቅጠል አውጥተው ወጡ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ልጅቷ፣ «ለጊዜው ይሁን፣ በኋላ ይስተካከላል» አለችና ማኅተሙን መታችበት። ለጊዜው የተባለው ዓመት ሊሞላው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለላኩልኝ ተቆጣጣሪ። ለዚህ ሰውዬ ክብር ስል ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብጽፍ ይፈቅዱልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ቀጭን፣ ጫማው የተወለወለ፣ ሲገባ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳ ጨዋ ሰው ነው። በአንድ እጁ የመለኪያ ሜትር፣ በሌላው ባለ አምስት ገጽ ፎርም ይዞ በር ላይ ሲቆም፣ ልጆቹ አዲስ አባት የመጣላቸው መስሏቸው ተሯሩጠው ከበቡት። እሱም አንዱን ልጅ ከጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ከጫማ ማሰሪያው ላይ እያላቀቀ ጥያቄውን ጀመረ።

የችግኞቹ ብዛት ስንት ነው? አርባ አንድ። በጣም ጥቂት ነው፣ ለአንድ ጣቢያ ትንሹ አሥር ሺህ ነው አለኝ፤ እኔም ከሁለት ሞግዚት ጋር ከዚህ በላይ እንደማልችል ገልጬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ዕድሜያቸውስ? ከስምንት ወር እስከ አራት ዓመት። ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን ያህል ጊዜ መደብ ላይ የቆየ ችግኝ ሥሩ ስለሚጠማዘዝ ቀድሞ ተነስቶ መተከል ነበረበት። ከመቶ ስንቱ ጸደቀ? ገና ሕፃናት ስለሆኑ፣ አድገው መሥሪያ ቤት ካልተቀጠሩ በስተቀር ሁሉም ሳይጸድቁ አይቀሩም ብዬ መለስኩ፤ መቶ ከመቶ ብሎ ጻፈልኝ። የዘሩ ምንጭ የሚለውን ሳጥን ባዶውን እንዲተወው ለመንኩት፣ የሰው ገመና ነውና። አገር በቀል ናቸው ወይስ መጤ ለሚለው ግን ፈገግታዬ ጠፋ። ይህን ጥያቄ የትም ቦታ፣ በማንም ልጅ ላይ፣ በፎርምም ይሁን ያለ ፎርም ዳግመኛ እንዳይጠይቅ ነገርኩት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰረዘው። በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ አንድ ነገር ሲሰረዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በመጨረሻም የግንድ ውፍረት የሚል ስላለበት፣ ጉልበቱ ላይ ወጥቶ እስክሪብቶውን የነጠቀውን ልጅ ቁርጭምጭሚት ለክቶ አስገባ። በዚህ ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ፣ ወንድሜ፣ እነዚህ ምን ይመስሉሃል ብዬ ብጠይቀው ቀና ብሎ አየኝና፣ «ዓይኔ ያያል እኮ እትዬ፤ ፎርሙ ነው የማያየው። ባዶ ይዤ ብመለስ ደግሞ አለቃዬ ያየኛል» አለኝ። ስለ እርስዎ ዓይን በጎ ነገር የሰማሁት ከእሱ ብቻ ስለሆነ እዚህ ላይ መመዝገቡን ወድጃለሁ። የሪፖርቱ ግልባጭ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰኝ። «ችግኞቹ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ፤ ሆኖም ከተተከሉበት ቦታ ያለ ፈቃድ ይንቀሳቀሳሉ» ይላል። ይህንን በክፈፍ አስገብቼ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ እናቶች ከሥራ ደክመው ሲመጡ ያነቡታል፤ ይስቁበታል።

አራተኛ፣ ስለ ልግስናዎ። ከዚያ ሪፖርት በኋላ አንድ ማለዳ ስመጣ የግቢዬ በር አልከፈት አለኝ። አንድ መኪና ሙሉ ፍግ ከነትኩሳቱ በሩ ላይ ተዘርግፎ ነበር። ከላዩም አሥር ሺህ ጥቁር የችግኝ ላስቲክ፣ ሁለት አካፋና የራስ ቅል ሥዕል ያለበት የተባይ መርዝ ተቀምጧል። መርዙን ከሰው ዓይን ሰውሬ ቆለፍኩበት። ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ግን አፍንጫቸውን ይዘው በፍጉ ላይ እየተረማመዱ ገቡ፣ አንዷም ጫማዋ እዚያው ቀርቶ ባዶ እግሯን ወደ አውቶቡሷ ሮጠች። ለመዋዕለ ሕፃናት የሚታደሉት ሠላሳ ትንንሽ ወንበሮች፣ ምንጣፎችና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ለምን እንዳልደረሱኝ የገባኝ ደግሞ ከአራት ቀን በኋላ ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ከድልድዩ ማዶ እውነተኛ ችግኝ የሚያፈሉ አንድ ሽማግሌ በስህተት ለእሳቸው የተላኩትን ሠላሳዎቹን ወንበሮች በጋሪ ጭነው፣ ሌላው ነርሰሪ የቱ ነው እያሉ አጠያይቀው በሬ ላይ ቆሙ። ልጆቹ ወዲያው ጋሼ ችግኝ ብለው ስም ያወጡላቸው እኚህ ሰው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዛፍ በቀር ያሳደጉት ነገር የለም፤ ሰውም አይወዱም፣ እንደሚሉት ሰው ውሃ ካጠጡት በኋላ ያወራል። እሳቸውን የጎበኛቸው ደግሞ የእርስዎ የሕፃናት ደህንነት ተቆጣጣሪ ነበር። አሥራ ሁለት ሺህ ሕፃናትን ለአንድ አዋቂ ብቻ በመተው፣ ዝናብና ፀሐይ ላይ በማስቀመጥ፣ አንድም ፖፖ ባለማዘጋጀት ጥፋተኛ ተብለዋል። ከምሳ በኋላ ይተኙ እንደሆነ ተጠይቀው፣ በቅንነት፣ ቆመው ነው የሚያድሩት ብለው በመመለሳቸው በጭካኔ ተከሰው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። ይህን ሁሉ ችለው፣ ያላስቻላቸው ግን የወላጅ ፊርማ ይቅረብ የሚለው ነው። ወረቀቱን ፊቴ ዘርግተው፣ «እቴ፣ እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እናታቸው ያቺ ጥድ ናት፣ በምን እጇ ትፈርምልኝ?» አሉኝ። እኔ ለእሳቸው አሥራ ሁለት ሺህ ፊርማ መፈለጊያ መላ ስላልነበረኝ ፍጉንና ላስቲኩን ሰጠኋቸው፣ እሳቸውም ወንበሮቹን ሰጡኝ፣ እርስዎ በአንድ ዓመት ያደናቀፉትን ጉዳይ እኛ ሁለት አዛውንቶች በግማሽ ሰዓት አስተካከልነው።

አምስተኛ፣ ስለ መኪናው። እዚህ ላይ ቀልዴ ቀጥኖ ቢያገኙት ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ባለፈው ወር በአንዱ ረቡዕ፣ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው በተኙበት ሰዓት፣ ጽሕፈት ቤትዎ የላከው የጭነት መኪና በሬ ላይ ቆመ። ስድስት ሠራተኞች አካፋና የእንጨት ሣጥን ይዘው ወረዱ። ፎርማናቸው የሰጠኝ ወረቀት፣ ዕድሜያቸው ያለፈ አርባ አንድ ችግኞች ከመደብ ተነቅለው ለተከላ እንዲጓጓዙ ያዛል፤ ከግርጌውም የእርስዎ ፊርማ አለበት። ግዙፍ ሰው ነው፣ ቦት ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው። ልከራከረው አልፈለግሁም፤ ዝም ብዬ የመኝታ ክፍሉን በር ከፈትኩለት። አርባ አንድ ልጅ ምንጣፍ ላይ፣ አንዱ በሌላው ሆድ ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ ተኝቷል። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «እናቴ፣ እኔ ዛፍ ልነቅል ነው የመጣሁት፤ ጉድ ነው፤ ልጅማ አልነቅልም» አለኝ። ስድስቱም ሰዎች በእነዚያ ከባድ ጫማዎች በጣታቸው እየረገጡ ወጡ። ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ጋር በነበረኝ ግንኙነት የመንግሥት ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ የተሠራውም ባለመሠራቱ ነው።

ፎርማኑ ወረቀቱ ላይ እውነቱን ጻፈ፤ «አልተነሱም፤ ተኝተዋል» ብሎ። ሰብል ነፋስ ሲጥለው ተኛ እንደሚባል የሚያውቁ ባለሙያዎችዎ ይህን ካነበቡ በኋላ ያደረጉትን እርስዎ ያውቁታል። «በጠባቂዋ ቸልተኝነት አርባ አንድ ችግኞች ወድቀዋል፤ ቀሪውንም ለማስረከብ ፈቃደኛ ባለመሆኗ ጣቢያው በመጪው ሰኞ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ይታሸጋል» የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁሉም ወድቀው ቀሪው የትኛው እንደሆነ መስኮት አራትን ብጠይቅ፣ እሷም አታውቅም።

ይህን ጉዳይ ሁሉ እስካሁን ስቄበታለሁ። ሰኞ ግን አያስቀኝም። ምክንያቱን ለእርስዎ በአንዲት ልጅ በኩል ልንገርዎት፣ አርባ አንድ ከብዶብዎት ሊሆን ይችላልና።

እናቷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናት። ልጅቷ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ እኔ ጋ ከመጣች ዓመት ከሁለት ወሯ ነው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። ጆሮዋ ጤነኛ ነው፣ ሐኪም አይቷታል። በመጣችበት ቤት ሰው በሰው ላይ ሲጮህ ብዙ የሰማች ልጅ ናት፤ ከዚህ በላይ ለጋዜጣ አልናገርም። እኛ ቤት ስትገባ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆም ነበር። ከዚያ መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ ከሌሎቹ አጠገብ መቀመጥ ጀመረች። ይህን ያህል ለመድረስ ዓመት ፈጀብን፤ በፎርምዎ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም።

መኪናው ከመጣ በኋላ ልጆቹ ከሞግዚቶቹ ጨዋታ ስለ ራሳቸው አዲስ ነገር ሰምተዋል፤ ችግኝ ናችሁ ተብለዋል። በማግስቱ ወደ ግቢው ስወጣ እያንዳንዱ የፕላስቲክ ኩባያውን ይዞ የጓደኛውን እግር ውሃ ያጠጣል። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ እንዲያድጉ አሉኝ። የዚያች ልጅ ጫማ ላይ አንደኛው ኩባያ ፈሰሰ፤ ዝም አለች። ሁለተኛው ፈሰሰ፤ ዝም አለች። ሦስተኛው ሲፈስ እግሯን አንስታ መሬቱን መታችና፣ «በቃኝ!» ብላ ጮኸች።

ያጠጣት ልጅ ኩባያውን ጣለ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የልጅ ጩኸት የጠገብኩ ሴት፣ የቆምኩበት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማታ ለእናቷ ስነግራት የትኬት ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንደያዘች ከነዚያ ትንንሽ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠችና፣ «እትዬ፣ ድምፅዋ ምን ይመስላል?» አለችኝ። ሰምታው አታውቅማ። ልጅቷ እስከ ዛሬ ቤቷ ሄዳ አልተናገረችም፣ መንገድ ላይም አልተናገረችም። የምትናገረው እኛ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ያችኑ አንዲት ቃል። እናቷ አሁን ከሥራዋ ትንሽ ቀደም ብላ እየወጣች ከበሩ ውጭ ቆማ ታዳምጣለች፤ ከገባች ልጅቷ ዝም ትላለች ብላ ትፈራለች። ክቡር ሆይ፣ ሰኞ በአራት ሰዓት የሚያሽጉት በር ያ ነው። ሌሎቹ አርባ እናቶች ማክሰኞ ሥራ ይቀራሉ ወይም ልጃቸውን ቆልፈውበት ይሄዳሉ፤ እሷ ግን በዓለም ላይ የልጇ ድምፅ የሚሰማበትን ብቸኛ ቦታ ታጣለች። ይህን በጣም እፈራዋለሁ፤ እርስዎንም ለዚህ ነው የምንቅዎት።

ወደ ጨዋነቴ ልመለስ። ከስድስቱ ደብዳቤዎቼ አንዱንም አላዩም ብያለሁ፤ ተሳስቻለሁ። አራተኛው ባለፈው ሳምንት ሲመለስልኝ በኅዳጉ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ «ችግኞቹ ሕፃናት ስለመሆናቸው ማስረጃ በአካል ይቅረብ» የሚል ማስታወሻና ፊርማዎ ሰፍሮበት አገኘሁ። ሳያዩ የመጻፍ ጸጋዎን አደንቃለሁ። እኔም ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ወዲያው የአርባ አንዱንም የልደት ምስክር ወረቀት ይዤ መስኮት አራት ሄድኩ። ልጅቷ አንድ በአንድ ገልጣ አየችና፣ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የሰው ነው፤ የሰው ሌላ ፎቅ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ሌላው ፎቅ ደግሞ የችግኝ ጣቢያን ጉዳይ አይመለከትም። ደረጃውን አራት ጊዜ ከወጣሁና ከወረድኩ በኋላ ማስታወሻዎን ደግሜ አነበብኩትና በአካል የሚለውን ቃል አየሁት። ለካስ መፍትሔውን ጽፈውልኝ ኖሯል፤ እኔ ነኝ ያልተረዳሁት።

ስለዚህ በትእዛዝዎ መሠረት፣ ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ ከማሸጉ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ማስረጃው በአካል ይቀርባል። አርባ አንድ ነው። ወንበሩን ይዞ ይመጣል፣ አሥራ አንዱ ወንበር ስላልደረሳቸው የእርስዎን ወንበሮች ይዋሳሉ። ፖፖዎች ይዘናል። እንቅልፋቸው ከምሳ በኋላ ነው፤ የእርስዎ ምንጣፍ ወፍራም ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ስምንት ወር የሆነው ጥርስ እያወጣ ስለሆነ ያለቅሳል፤ ሌላው ደግሞ ማኅተም የሚመስል ነገር ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። ጋሼ ችግኝ ጋሪያቸውን ይዘው ሊያግዙኝ ቃል ገብተዋል፣ ማስረጃ ይሆን ዘንድ አንድ እውነተኛ ችግኝም በላስቲኩ ያመጣሉ፤ ጠረጴዛዎ ላይ ከአንድ ልጅ ጎን ስናስቀምጠው ልዩነቱን ለማየት አይቸገሩም ብለን እንገምታለን። ፎርማኑም ቢጠራ ይመሰክራል። እናቶቻቸው ግን ሥራ ላይ ስለሚሆኑ አይመጡም፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጆቻቸውን ከእርስዎ ቢሮ እንዲረከቡ አድራሻዎን ሰጥቻቸዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላሳስብዎት። እያንዳንዱ ልጅ ኩባያውን ይይዛል። አንድ ሰው አላደገም ብለው ሲያስቡ እግሩን ያጠጡታል፤ ክፋት የለባቸውም፣ ለማሳደግ አስበው ነው። እርስዎን ሲያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም። አንደኛው ኩባያ ጫማዎ ላይ ሲፈስ አይደንግጡ። ሁለተኛው ሲፈስም ይታገሡ፤ አርባ አንድ ናቸው። ሲያቅትዎት ምን እንደሚባል ካላወቁ፣ ግድግዳውን ተደግፋ የቆመችውን ትንሿን ልጅ ይጠይቋት። አንዲት ቃል ብቻ ነው የምታውቀው፤ እኔም ሰባት ደብዳቤ የጻፍኩት እሷኑ አንዲት ቃል ለእርስዎ ለማለት ነበር።

ሥልጣንዎ ይደግ፣ ወንበርዎ ይስፋ፣ እስክሪብቶዎም አረንጓዴነቱ አይድረቅ እያልኩ፣ ከጥልቅ አክብሮትና ከዚያ በበለጠ ድካም ጋር፣

ያለ ፈቃድ ከሚንቀሳቀሱት ችግኞችዎ ጋር ሰኞ የምናገኝዎት
የነርሰሪው ጠባቂ፣ በልጆቹ አጠራር እትዬ

ግልባጭ፦
ለመስኮት አራት፤
ለጋሼ ችግኝ፤
ለጥዷ፣ በወላጅነቷ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገበ ቃላቱን ከገዛሁት አይቀር ብዬ የእርስዎንም ማዕረግ ፈለግሁ። በርዎ ላይ በእንግሊዝኛ የተለጠፈው ሄድ ይላል። ይህም ስም እንደ ነርሰሪ ሁሉ ከአንድ በላይ ትርጉም አለው፤ አንዱ ኃላፊ ሲሆን ሌላው ከአንገት በላይ ያለው የሰውነት ክፍል ነው። በእርስዎ ረገድ ሲስተሙ የመዘገበው የመጀመሪያውን ብቻ መሆኑን ከአምስት ወር ልፋት በኋላ አረጋግጫለሁ። ሰኞ ስመጣ መስኮት አራት ሁለተኛውንም እንድትጨምርልዎት አመለክትልዎታለሁ፤ ሲስተሙ አልቀበልም ካለም አይዘኑ፣ ለጊዜው ይሁን፣ በኋላ ይስተካከላል።